አስቀድሞ የተጠየቀ ጥያቄ፦ ለኮድ ፕሮጀክት የችግር ሪፖርት ቅጽ ስለማሰናዳት

«ቀኑ ተሳስቷል፤ እባካችሁ አስተካክሉት።»

ይህ መልእክት የደረሰው አንድ ፕሮጀክት አለ እንበል። የጎርጎርዮስን ቀን ወደ ኢትዮጵያ፣ የኢትዮጵያን ወደ ጎርጎርዮስ የሚቀይር ትንሽ ፕሮግራም ነው። ኮዱ ጊትሃብ ላይ ለሁሉም ክፍት ሆኖ ተቀምጧል፤ ሁለት ሦስት ወጣቶች ከሥራ መልስ ማታ ማታ ይሠሩበታል። መልእክቱን የጻፈው ሰው ጨዋ ነው፤ ያየው ችግርም እውነተኛ ነው። ግን በዚህ ብቻ ማንም ምንም ሊያስተካክል አይችልም። የተሳሳተው የትኛው ቀን ነው? ፕሮግራሙ ምን አሳየ? ማሳየት የነበረበትስ ምን ነበር? በስልክ ነው በኮምፒውተር? ሰውየው ያለው አዲስ አበባ ነው ዋሽንግተን?

ወጣቶቹ እነዚህን ጥያቄዎች ጽፈው ይልካሉ። ሰውየው ዛሬውኑ ሊመልስ ይችላል፤ በሳምንቱ ሊመልስ ይችላል፤ ጨርሶ ሊረሳውም ይችላል። እስከዚያው ስህተቱ እዚያው ተቀምጧል።

አሁን ደግሞ ያው ሰው ያንኑ ችግር እንዲህ ጻፈው እንበል፦ «ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023ን አስገባሁ። መስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የሚል ወጣ። መውጣት የነበረበት ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው።» ኮዱን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያነብ ወዲያው ይገባዋል። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጉሜ ስድስት ቀን ትሆናለች፤ ስለዚህ የ2016 እንቁጣጣሽ የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ፕሮግራሙ ስድስተኛዋን ቀን ዘሏታል ማለት ነው። ከዚህ በኋላ የሚቀረው የጳጉሜ ቀናት የሚቆጠሩበትን የኮድ ክፍል ከፍቶ ማየት ብቻ ነው።

ሁለቱን መልእክቶች የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ዕውቀቱም አንድ ነው። በሁለተኛው ጊዜ ግን ምን አስገባህ፣ ምን ወጣ፣ ምን ጠበቅህ የሚል ጥያቄ ከፊቱ ነበር። የችግር ሪፖርት ቴምፕሌት ማለት ይኸው ነው፦ በኋላ መጠየቃችን የማይቀረውን ጥያቄ፣ ሰውየው ገና ሊጽፍ ሲቀመጥ መጠየቅ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ለመሥራትም አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል። ግን አንድን ፕሮጀክት ምን ያህል እንደሚያቀና ስታዩ እንደኔው እንደምትወዱት እርግጠኛ ነኝ።

ባዶው ሳጥን ያመጣው ጣጣ

ጊትሃብ ላይ እያንዳንዱ የኮድ ማከማቻ፣ በሙያው ሰዎች አጠራር «ሪፖ»፣ «ኢሹ» የሚባል ክፍል ሊኖረው ይችላል። ባግ፣ ማለትም የፕሮግራም ስህተት፣ ያገኘ ሰው፣ አዲስ ነገር እንዲጨመር የፈለገ ሰው፣ ግራ የገባው ሰው ሁሉ እዚያ ይጽፋል። ምንም ካላዘጋጃችሁ የሚቀርብለት አንድ የርእስ መስመርና አንድ ሰፊ ባዶ ሳጥን ነው።

መኪናውን ጋራዥ ያስገባ ሰው «ድምፅ ያሰማል» ይላል። መካኒኩ «ፍሬን ስትይዝ ነው? ስትታጠፍ ነው? ሞተሩ ሲሞቅ ነው?» ብሎ ይጠይቀዋል። ባለመኪናው የሁሉንም መልስ ያውቃል፤ የማያውቀው ለመካኒኩ የሚጠቅመው የትኛው እንደሆነ ነው። ባዶ ሳጥን ፊት የተቀመጠ ተጠቃሚም ልክ እንደዚሁ ነው።

ይህ በጥናትም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ አንድ ጥናት የአፓቼን፣ የኤክሊፕስንና የሞዚላን ፕሮግራመሮችና ተጠቃሚዎች «ጥሩ የባግ ሪፖርት ምን ይመስላል?» ብሎ ጠይቆ 466 መልሶች ሰብስቦ ነበር። ፕሮግራመሮቹ ከሁሉ በላይ ይጠቅመናል ያሉት ችግሩን ደግሞ ለማየት የሚያስችሉትን ቅደም ተከተሎች፣ ፕሮግራሙ ሲወድቅ የሚተፋውን የስህተት ዝርዝርና መሞከሪያ ምሳሌዎችን ነው። ለተጠቃሚዎች ለማቅረብ ከሁሉ የሚከብዱትም እነዚሁ ሆነው ተገኙ። አንዱ ወገን አጥብቆ የሚፈልገውን ሌላው ወገን ለመስጠት ይቸገራል። ቅጹ የሚቆመው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ጊትሃብ ራሱ ይህን መሣሪያ የሠራው ተጠይቆ ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2016 የበርካታ ታዋቂ ኦፕን ሶርስ (ኮዳቸው ለሁሉም ክፍት የሆነ) ፕሮጀክቶች ኃላፊዎች «ውድ ጊትሃብ» ብለው ግልጽ ደብዳቤ ጻፉ። ከአቤቱታዎቻቸው አንዱ ሪፖርቶች ችግሩን ደግሞ ማሳያ ቅደም ተከተልና የፕሮግራሙ ሥሪት ሳይጻፍባቸው መምጣታቸው ነበር። ሌላው፣ ሰዎች ድጋፋቸውን ለመግለጽ «+1» ብቻ እየጻፉ ውይይቱን ማጨናነቃቸው ነበር። መልሱ ብዙ አልቆየም። በፌብሩዋሪ የኢሹ ቴምፕሌት ወጣ፤ በማርች ደግሞ አውራ ጣትና ልብ የመሳሰሉት ምልክቶች መጡ፤ «+1» መጻፍም አስፈላጊነቱ ቀረ። በ2018 አንድ ሪፖ ብዙ ቴምፕሌቶች እንዲኖሩት ተፈቀደ፤ በ2021 ደግሞ ሳጥንና ምርጫ ያላቸው እውነተኛ ቅጾች መጡ። ዛሬ የምንጠቀመው እነዚህን ነው።

ሦስቱ የማይቀሩ ጥያቄዎች

የትኛውንም ፕሮጀክት ብትይዙ ከሦስት ጥያቄዎች ጀምሩ፦ ምን አደረጉ? ምን ይሆናል ብለው ጠበቁ? ምን ሆነ?

ረስት የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የባግ ቴምፕሌት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። «ይህን ኮድ ሞከርኩ»፣ «ይህ ይሆናል ብዬ ጠበቅሁ»፣ «ይልቁንም ይህ ሆነ» የሚል መልክ አለው፤ ከዚያ የሥሪቱን መረጃ ይጠይቃል። በዓለም ዙሪያ እጅግ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ፕሮጀክት ዋናውን ነገር በእነዚህ ጥቂት መስመሮች ይጨርሰዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቅደም ተከተል ይፈልጋል። «ቀን ስቀይር» የሚለው አይበቃም። «1. ገጹን ከፈትኩ። 2. ከጎርጎርዮስ ወደ ኢትዮጵያ የሚለውን መረጥኩ። 3. ቀኑን በእጄ ጻፍኩ፤ ከካሌንደሩ ላይ አልመረጥኩም።» የመጨረሻዋን መስመር ተመልከቱ። በእጅ መጻፍና ከካሌንደር መምረጥ በኮዱ ውስጥ ሁለት የተለያዩ መንገዶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ስህተቱም በአንደኛው ብቻ ሊኖር ይችላል። ተጠቃሚው ይህን ሊያውቅ አይችልም፤ ሳጥኑ ውስጥ 1፣ 2፣ 3 ተጽፎ ከጠበቀው ግን ሳያስበው ይነግራችኋል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ «ምን ጠበቁ?» የሚለው፣ ብዙ ጊዜ ትርፍ ይመስላል። እኔ ግን ከሦስቱ አብልጬ የምወደው እሱን ነው። አንድ ሰው «ሰዓቱን 12 ይለኛል፤ 6 ማለት ነበረበት» ብሎ ቢጽፍ፣ ይህ ባግ ላይሆን ይችላል። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 6 ሰዓት የሆነው በሌላው ዓለም አቆጣጠር እኩለ ሌሊት 12 ነው። ፕሮግራሙ በትክክል እየሠራ ነው፤ ሰውየው የጠበቀው ግን በሀገሩ ሰዓት እንዲነግረው ነው። መፍትሔው ኮድ ማረም ሳይሆን የሰዓት አቆጣጠር መምረጫ መጨመር፣ ወይም ያለውን መምረጫ ጎላ አድርጎ ማሳየት ይሆናል። የጠበቀውን ባትጠይቁት ኖሮ የሌለ ስህተት ስትፈልጉ ታመሹ ነበር።

ሦስተኛው፣ «ምን ሆነ?» የሚለው፣ ተጠቃሚው ያየውን እንጂ የገመተውን እንዲጽፍ መጋበዝ አለበት። «ዳታቤዙ ተበላሽቷል» ግምት ነው፤ «ቀዩ መልእክት መጣ፣ ቃሉም እንዲህ ይላል» ያየው ነው። ስለዚህ ከሳጥኑ ሥር «የስህተት መልእክት ካለ ቃል በቃል ገልብጠው ይለጥፉ» የሚል አንድ መስመር ጨምሩ።

በአካባቢው የሚለወጥ ነገር ሁሉ

ከሦስቱ ቀጥሎ የሚመጣው አካባቢው ነው፦ የፕሮግራሙ ሥሪት፣ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ፣ ብራውዘሩ። እዚህ ላይ ሁሉም ፕሮጀክት የየራሱ ጥያቄ አለው፤ የቅጽ አሰናጅ ችሎታም የሚለየው እዚህ ነው።

ቪዥዋል ስቱዲዮ ኮድ የተባለው የፕሮግራመሮች መጻፊያ ምን እንደሚጠይቅ እዩ። ሰዎች በላዩ ላይ ብዙ ተጨማሪ ኤክስቴንሽኖች ስለሚጭኑበት፣ «ኤክስቴንሽኖቹን ሁሉ ሲያጠፏቸው ችግሩ ይኖራል?» ብሎ ይጠይቃል። በዚህች አንዲት ጥያቄ የእነሱ ያልሆነ ችግር ወደ ባለቤቱ ይሄዳል። ከዚህም በላይ፣ ከፕሮግራሙ የእርዳታ ሜኑ ችግር ሪፖርት ማድረጊያውን የከፈተ ሰው ሥሪቱና የኮምፒውተሩ መረጃ ራሱ ተሞልቶለት ይመጣል። ማሽን ሊመልሰው የሚችለውን ጥያቄ ሰው እንዲመልሰው አለመጠየቅ ትልቅ ትሕትና ነው።

ለቀን ቀያሪያችን ደግሞ ዋናው የአካባቢ ጥያቄ የሰዓት ክልል ነው። አዲስ አበባ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ገና የትናንት ምሽት ነው፤ ልዩነቱ በበጋቸው ሰባት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት ነው። «የዛሬን ቀን ቀይር» የሚለውን ቁልፍ የተጫነ የዋሽንግተን ነዋሪና የተጫነች የቦሌ ነዋሪ የተለያየ ቀን ቢያዩ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። «ያሉበት አገርና ከተማ» የምትል አንዲት ሳጥን ይህን ሁሉ ታጠራለች።

በአማርኛ ጽሑፍ ላይ ለሚሠራ ፕሮግራም አንድ ሌላ ጥያቄ የግድ ነው፦ የስክሪን ፎቶ ብቻ ሳይሆን ጽሑፉ ራሱ ይለጠፍ። ብዙ ሰው አራት ነጥብን «።» ከመጻፍ ይልቅ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ደግሞ «፡፡» ይጽፋል። በፎቶ ላይ ሁለቱን መለየት ያዳግታል፤ ለኮምፒውተሩ ግን አንዱ አንድ ፊደል፣ ሌላው ሁለት ፊደል ነው። ዓረፍተ ነገር የሚቆርጥ ፕሮግራም በአንደኛው ሠርቶ በሌላው ሊከሽፍ ይችላል። ጽሑፉ ከተለጠፈላችሁ ምክንያቱን በደቂቃ ታገኙታላችሁ። የፊደል ቅርጽ ከተበላሸ ደግሞ የፎንቱን ስም ጠይቁ፤ የሚተየበው ከተበላሸ የኪቦርዱን ስም ጠይቁ።

ወደ ሥራው እንግባ

አሁን እጅጌያችሁን ሰብስቡና አብረን እንሥራው። በሪፖው ውስጥ ስሙ በነጥብ የሚጀምር፣ «ጊትሃብ» የተባለ ፎልደር ይከፈታል። በውስጡ «ኢሹ ቴምፕሌት» የሚባል ሌላ ፎልደር ይኖራል፤ ስሙ በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደላት፣ በሁለቱ ቃላት መካከል የታች ሰረዝ አድርጎ ይጻፋል። እያንዳንዱ ቅጽ በዚህ ፎልደር ውስጥ አንድ ፋይል ነው። ከባዶ መጀመር የከበደው ሰው በሪፖው የማስተካከያ ገጽ፣ ኢሹ በሚለው ሥር፣ ቴምፕሌት ማሰናጃውን ከፍቶ የተዘጋጁ ናሙናዎችን መውሰድ ይችላል።

ሁለት ዓይነት ፋይል አለ። የመጀመሪያው በማርክዳውን የተጻፈ ተራ ጽሑፍ ነው፤ አርእስቶቹን ትጽፋላችሁ፣ ተጠቃሚው በየአርእስቱ ሥር ይሞላል። ቀላል ነው፤ ግን ተጠቃሚው ሁሉንም አጥፍቶ የፈለገውን ከመጻፍ የሚከለክለው ነገር የለም። ደግሞም ብዙ ሰዎች መመሪያውን በማይታይ የማስታወሻ ምልክት ውስጥ ያስገቡታል፤ ተጠቃሚው ሳያውቅ መልሱን እዚያው ምልክት ውስጥ ከጻፈው መልሱም ሲለጠፍ አይታይም።

ሁለተኛው በያምል የሚጻፈው ቅጽ ነው፤ አዲስ ለሚጀምር ሰው የምመክረው ይህን ነው። ከላይ የቅጹ ስምና ማብራሪያ ይሰጣል፤ ቀጥሎ «ቦዲ» በሚለው ሥር ጥያቄዎቹ ይደረደራሉ። ከጥያቄዎቹ ዓይነቶች ዋና ዋናዎቹ እነዚህ ናቸው፦

- ለአጭር መልስ የሚሆን የአንድ መስመር ሳጥን፤ ለሥሪት ቁጥር ወይም ለከተማ ስም።
- ለረጅም መልስ የሚሆን ሰፊ ሳጥን፤ ለቅደም ተከተሉና ለተፈጠረው ነገር።
- ሲጫኑት ምርጫዎች የሚዘረዝር ሳጥን፤ ለምሳሌ «አንድሮይድ፣ አይፎን፣ ዊንዶውስ፣ ማክ፣ ሊኑክስ»።
- ምልክት የሚደረግባቸው ትንንሽ ሳጥኖች፤ «ተመሳሳይ ሪፖርት መኖሩን ፈልጌያለሁ» ለሚለው ዓይነት።
- ምንም የማይሞላበት፣ የሚነበብ ጽሑፍ ብቻ፤ ለሰላምታና ለመመሪያ።

ቅጹ በመጨረሻው ዓይነት ብቻ ሊሠራ አይችልም፤ ቢያንስ አንድ የሚሞላ ነገር መኖር አለበት።

በሰፊው ሳጥን ላይ ሁለት ጥሩ ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ሳጥኑን አስቀድሞ በከፊል መሙላት ይቻላል፤ 1፣ 2፣ 3 የሚለውን የምታስገቡት በዚህ ነው። ፈዘዝ ብሎ የሚታየው የምሳሌ ጽሑፍ ተጠቃሚው መጻፍ ሲጀምር ይጠፋል፤ አስቀድሞ የተሞላው ግን እዚያው ይቆያል። ሁለተኛው፣ የስህተት ዝርዝር ለሚለጠፍበት ሳጥን ይዘቱ እንደ ኮድ እንዲታይ ማዘዝ ይቻላል። ያን ጊዜ ተጠቃሚው ምንም ልዩ ምልክት ማወቅ ሳያስፈልገው የለጠፈው መቶ መስመር ተስተካክሎ ይታያል።

በያምል ስትጽፉ እነዚህን አስታውሱ። ወደ ውስጥ ማስገቢያው ክፍተት የሚደረገው በስፔስ ነው፤ በታብ አይደለም፤ አንድ ክፍተት ከተዛነፈ ቅጹ አይከፈትም። እንደ 1.10 ያለ የሥሪት ቁጥር በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይግባ፤ ካልሆነ ያምል እንደ ተራ ቁጥር ቆጥሮት 1.1 ሊያደርገው ይችላል፤ እነዚህ ደግሞ ሁለት የተለያዩ ሥሪቶች ናቸው። ቅጹ ለእያንዳንዱ ሪፖርት «ባግ» የሚል ሌብል ራሱ እንዲለጥፍ ማድረግ ይቻላል፤ ሌብሉ ግን አስቀድሞ በሪፖው ውስጥ መኖር አለበት፤ ከሌለ ዝም ብሎ ይታለፋል። በመጨረሻም፣ ፋይሎቹ በሪፖው ዋና ብራንች ላይ እስኪገቡ ድረስ ቅጹ ለማንም አይታይም። «ሠርቼው ነበር፤ የት ሄደ?» የሚል ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው።

ፋይሎቹ በዩኒኮድ ስለሚጻፉ ጥያቄዎቹን በአማርኛ ከመጻፍ የሚያግድ ነገር የለም። ቁልፍ ቃላቱ ብቻ በእንግሊዝኛ ይቀራሉ። ተጠቃሚዎቻችሁ አማርኛ ተናጋሪዎች ከሆኑ ጥያቄውን በአማርኛ ጠይቁ፤ «በአማርኛ መመለስ ይችላሉ» የሚል መስመርም ከላይ አስቀምጡ። በባዕድ ቋንቋ ሲጽፍ ሦስት ቃል የሚወጣው ሰው በራሱ ቋንቋ አንድ ሙሉ ገጽ ዝርዝር ሊሰጣችሁ ይችላል።

በር የሚያሳይ ገጽ

ቅጾቹ ከአንድ በላይ ሲሆኑ፣ አዲስ ኢሹ ለመክፈት የመጣ ሰው መጀመሪያ ምርጫ ይቀርብለታል፦ «ስህተት አግኝቻለሁ»፣ «አዲስ ሐሳብ አለኝ»፣ እያለ። ይህን ገጽ «ኮንፊግ» በሚባል አንድ ተጨማሪ የያምል ፋይል ማስተካከል ይቻላል። በእሱ ባዶውን ሳጥን ከምርጫው ማውጣት፣ እንዲሁም ሰውን ወደ ሌላ ቦታ የሚወስዱ ሊንኮች መጨመር ትችላላችሁ።

ሊንኮቹን አትናቁ። የአጠቃቀም ጥያቄ ያለው ሰው ወደ ቴሌግራም ግሩፑ ወይም ወደ መወያያው ይሂድ፤ እዚያ መልስ ቶሎ ያገኛል። ከሁሉ በላይ ግን የደኅንነት ክፍተት ያገኘ ሰው የት መሄድ እንዳለበት በግልጽ ይነገረው። ኢሹ ለዓለም ሁሉ ክፍት ነው፤ «በዚህ በኩል የሰው የይለፍ ቃል ማየት ይቻላል» ብሎ እዚያ የሚጽፍ ቅን ሰው፣ ሳያውቀው ለክፉዎችም መንገዱን ያሳያል። ጊትሃብ እንዲህ ያለውን ጉዳይ በምስጢር የሚቀበል ራሱን የቻለ መንገድ አለው፤ ክፈቱት፤ ሊንኩንም በምርጫው ገጽ ላይ አኑሩት። በባግ ቅጹም ውስጥ የስህተት ዝርዝር ከሚለጠፍበት ሳጥን ሥር «ከመለጠፍዎ በፊት የይለፍ ቃልና የግል መረጃ ያጥፉ» የሚለው መስመር አይቅር።

ብዙ ሪፖ ላለው ቡድን አንድ መልካም ዜና አለ። በድርጅቱ መለያ ሥር ስሙ በነጥብ ጀምሮ «ጊትሃብ» የሚል ለሁሉም ክፍት የሆነ ሪፖ ከፍታችሁ ቅጾቹን እዚያ ብታስቀምጡ፣ የራሳቸው ቅጽ የሌላቸው ሪፖዎች ሁሉ እነዚያን ይጠቀማሉ። የራሱ የቴምፕሌት ፎልደር ያለው ሪፖ ግን የጋራውን ትቶ የራሱን ብቻ ይከተላል። ጊትላብ ላይ ለሚሠሩ ደግሞ ሐሳቡ ያው ነው፤ በነጥብ የሚጀምር «ጊትላብ» የተባለ ፎልደር ውስጥ የማርክዳውን ቴምፕሌቶች ይቀመጣሉ።

ምን እንተው?

ቅጽ መሥራት ሲጀመር ጥያቄ መጨመር ይጥማል። የስክሪኑ ስፋት ይጠየቅ፤ የራሙ መጠን ይጠየቅ፤ መቼ እንደጫነው ይጠየቅ። እዚህ ላይ ነው ጠንከር ማለት የሚያስፈልገው። ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ፈተና አለ፦ መልሱ ሌላ ቢሆን ኖሮ የማደርገው ነገር ይለወጥ ነበር? የሰዓት ክልሉ አዲስ አበባ ቢሆን ኮዱን አያለሁ፤ ዋሽንግተን ቢሆን መጀመሪያ ሰዓቱን አሰላለሁ፤ ስለዚህ ጥያቄው ይቆያል። የራሙ መጠን ስምንት ጊጋባይት ሆነ አሥራ ስድስት ለቀን ቀያሪ ምንም አይለውጥም፤ ስለዚህ ይውጣ።

የግድ መሞላት አለበት በሚለው ምልክትም ላይ ቆጠብ በሉ። ለሕዝብ ክፍት በሆነ ሪፖ፣ በዚህ ምልክት የተያዘ ሳጥን ሳይሞላ ሪፖርቱ አይላክም። ያለ እሱ ምንም ማድረግ ለማይቻል ነገር ጥሩ ነው፤ ምን አደረጉና ምን ሆነ የሚሉት ይበቃሉ። የስህተት ዝርዝርን ግዴታ ብታደርጉ ግን፣ ዝርዝር የማያወጣ ችግር ያጋጠመው ሰው አንዲት ነጥብ አስገብቶ ያልፋል፤ ወይም ተስፋ ቆርጦ ይሄዳል። የሄደው ሰው ሪፖርት ደግሞ መቼም አይደርሳችሁም። ሥሪቱን ከየት እንደሚያገኘው ለማያውቅም «ከማስተካከያ ገጹ መጨረሻ ላይ ያገኙታል» ብላችሁ መንገዱን አሳዩት።

የቅጽ ጥብቅነት እንደ ፕሮጀክቱ ይለያያል። ቪዩ የተባለው የጃቫስክሪፕት ፕሮጀክት ሪፖርት የሚቀበለው በራሱ ልዩ ቅጽ በኩል ነበር፤ በሌላ መንገድ የመጣውን ሮቦት ይዘጋው ነበር። ሪፖርት እንደ ጎርፍ ለሚወርድበት ፕሮጀክት ይህ ሊያስፈልግ ይችላል። የእናንተ ፕሮጀክት በወር አምስት ሪፖርት የሚደርሰው ከሆነ ግን እያንዳንዱ ጸሐፊ ብርቅ እንግዳ ነው፤ በሩን ክፍት አድርጉለት። ቃናውም ይህን ይምሰል። «ያልተሟላ ሪፖርት ይዘጋል» ብሎ ከሚጀምር ቅጽ ይልቅ «ጊዜዎን ሰጥተው ስለጻፉልን እናመሰግናለን፤ እነዚህን ቢነግሩን ችግሩን ቶሎ እናገኘዋለን» የሚል ቅጽ የተሻለ መልስ ያገኛል። የጥያቄው ምክንያት የተነገረው ሰው ደክሞም ቢሆን ይሞላል።

ከየት ልጀምር?

ጥያቄዎቹን ከራሳችሁ አታምጡ፤ አስቀድሞ ከጠየቃችኋቸው ላይ ሰብስቧቸው። በሪፖአችሁ ውስጥ የተዘጉትን የቅርብ ጊዜ ኢሹዎች ክፈቱ። በእያንዳንዳቸው ለጸሐፊው የመለሳችሁለትን የመጀመሪያ ጥያቄ ለይታችሁ ጻፉ። «የትኛው ሥሪት ነው?» በተደጋጋሚ ካገኛችሁ እሷ ወደ ቅጹ ትግባ። ማንም አንድም ጊዜ ጠይቆት የማያውቅ ነገር በቅጹ ውስጥ ቦታ የለውም። ፕሮጀክቱ አዲስ ከሆነና የተዘጋ ኢሹ ከሌለ ደግሞ ሦስቱን ጥያቄዎችና ሥሪቱን ብቻ አስቀምጡ፤ ቀሪውን ሪፖርቶቹ ራሳቸው ያስተምሯችኋል።

ከዚያ ቅጹን ፕሮግራሙን ለሚጠቀም፣ ኮዱን ግን ለማያውቅ አንድ ሰው ስጡት፤ እህታችሁ ልትሆን ትችላለች፣ የሥራ ባልደረባ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ሆናችሁ ሲሞላ እዩ፤ አትርዱት። የቆመበት ቦታ ላይ ጥያቄው እንደገና መጻፍ አለበት። ቅጹ ሥራ ላይ ከዋለ በኋላም በየጥቂት ወሩ ተመለሱበት። ሁሉም ባዶ ትቶት የሚያልፈው ሳጥን ካለ አውጡት። ቅጹ እያለም ደጋግማችሁ የምትጠይቁት ነገር ካለ ጨምሩት።

ይህን ሁሉ የምለው ስለ አንድ ሰው አስቤ ነው። ኦፕን ሶርስ ሁሉም የሚሳተፍበት ሥራ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ኮድ መጻፍ ለማይችል ሰው የሚሳተፍበት በር ጠባብ ነው። የጳጉሜ ስድስተኛዋ ቀን መጥፋቷን ያስተዋለው ሰው ፕሮግራመር ላይሆን ይችላል፤ ምናልባት የበዓላትን ቀን የሚያወጣ የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነው፤ ምናልባት የልጇን የልደት ቀን ለፓስፖርት የምታስተካክል እናት ናት። የዘመን አቆጣጠሩን ከፕሮግራመሮቹ የበለጠ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በሚገባቸው ቋንቋ፣ በሚችሉት ልክ ብንጠይቃቸው የዚህ ሥራ ሙሉ ተካፋይ ይሆናሉ፤ ያገኙት ስህተትም ታርሞ ከእነሱ በኋላ ለሚመጣው ሁሉ ይጠቅማል። ፕሮጀክት ያላችሁ ሁሉ ዛሬውኑ በሦስቱ ጥያቄዎችና በሥሪቱ ጀምሩ።